ቅቤ ሲወደድ የጾምነው ጾም

ነገሩ የሆነው ካቻምና ኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በሬ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ጎንደር ደግሞ በሬ የማይታይበት ቀን ስለሌለ ብዙ ጊዜ ይቀላል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ለሰው እንዳላወራ ለምኖኛል። ለሰው አላወራሁም፤ መጻፍ ግን አልከለከለኝም።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነፋስ የቤታችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ጓሮ ጣለው። ባለቤቴ ደሳለኝ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እኔ አራዳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና አለችኝ። የሁለታችን ገቢ ተደምሮ ወሩን ሊያዳርስ ይሞክራል እንጂ አያዳርስም፤ መንገድ ላይ ይደክመዋል። ቆርቆሮ የምንገዛበት ስላልነበረን የደሳለኝ አጎት አያ ታከለ አበደሩን።

አያ ታከለ ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ያበደሩን ገንዘብ በግና ባቄላ ሸጠው ለልጃቸው ሠርግ ያስቀመጡት ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

«ከጥር በፊት ከመለሳችሁልኝ ሸጋ ነው፤ ካልሆነ ቦራን መሸጤ ነው» አሉን እየሳቁ።

ቦራ ከሁለት የእርሻ በሬዎቻቸው አንዱ ነው። እሳቸው ቢስቁም ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬ ከበሬው ጋር የሚጠመድ መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ሲጠና ይከርማል፤ ተራው ደርሶት እስኪያርስ የዘር ጊዜ ያልፋል። እኛ ከተማ ውስጥ በአዲስ ቆርቆሮ ሥር ስንተኛ የእሳቸው መሬት ጦም ሊያድር ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ደሳለኝ ወዲያው የቁጠባ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀ መንበሩም እሱ፣ ጸሐፊውም እሱ፤ እኔና ልጃችን ሕዝቡ ነን።

መጀመሪያ ታክሲ ታገደ። ደሳለኝ ከማራኪ እስከ ፒያሳ በእግሩ ይመላለስ ጀመር። ዳገቱ ጫማውን በላው። ጫማ ሰፊው የጠየቀው ዋጋ ከታክሲው ሲበልጥ ጊዜ ጉዳዩ ሳይነሳ ተዘጋ። ቀጥሎ አምፖል ተቀነሰ። ሦስት ክፍል ባንድ አምፖል ሆነና ወጥ ቤት ስገባ ነቅዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ልጄ «እማዬ፣ መብራቱን መልሽ!» እያለች በጨለማ ትጮኻለች። ደሳለኝ ትኩሱን አምፖል ሲነቅል ጣቱን ተቃጠለና ለቅባት ያወጣነው የአምፖሉን ቁጠባ ጠራርጎ ወሰደው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሊቀ መንበሩ ከቤተ ክርስቲያን ፊቱ በርቶ መጣ።

«ዘንድሮ ጽጌን እንጾማለን» አለኝ።

ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። የሚጾሙት በአብዛኛው መነኮሳትና የበረቱ ሰዎች ናቸው። እኛ ከተጋባን ጀምሮ ስሙን እንጂ ጾሙን አናውቀውም።

«ምን ታየህ?» አልኩት።

«ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ቁርስም የለ! ጽጌ ሲፈታ ጥቂት ቀን እንታገሳለን፤ ከዚያ የነቢያት ጾም ይገባል። እስከ ገና ማን ይነካናል? ከሰማይ ይጻፍልናል፣ ከምድር ይተርፈናል።»

እግዚአብሔርን እንዲህ ባለ ሒሳብ ውስጥ ማስገባቱ ደስ አላለኝም። ቢሆንም የዚያን ሰሞን የቅቤ ዋጋ ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ሠራ። የዶሮዎቻችንን እንቁላል ሸጥኩ። የምንሸሽገው ብር ከሣምንት ሣምንት ደለብ እያለ መጣ። መጀመሪያ የከሳችው ድመታችን ናት፤ እሷም ጥቂት ታገሰችንና ማዶ እትዬ አስካለ ቤት ጠቅልላ ገባች።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ እጃቸው የተዘረጋ፣ ልባቸው ቅን ሴት ናቸው። ወሬ ግን ከእሳቸው ቤት ወጥቶ አራዳ የሚደርሰው እኔ ሥራዬ ላይ ሳልደርስ ነው። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲጠሩን ደሳለኝ ስጦታ እንዳንገዛ ብሎ «ጽጌን ስለያዝን ድግስ አንገባም» አላቸው። እሳቸውም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

በክርስትናው ዕለት ምሳ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ዶሮ ወጥ ይዘው ብቅ አሉ።

«እናንተ ጾመኞች ናችሁ፤ ሕፃኗ ግን ምን በደለች ብዬ ነው» አሉ።

ልጄ ጣቷን እየላሰች ዶሮዋን ስትበላ እኔና ደሳለኝ ፊት ለፊቷ ተቀምጠን ሽሮ በላን። ለቁጠባ ብለን የያዝነው ጾም በነፃ የመጣውን ዶሮ አስከለከለን!

«ጨዉን ብቻ ልየው?» አለ ደሳለኝ በጭንቀት።

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ስለነበር እጁን ከጠረጴዛው ሥር ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ዝናችን ገነነ። ስናልፍ ሰው ቆሞ ያሳልፈን ጀመር። አንዳንዱም እኛን አይቶ ጽጌን ያዘ። አንዲት ሴትዮ ላማቸው ወተት ነስታቸው «እስቲ በጾም አፍሽ ለምኝልኝ» አሉኝ። ስለ ወተት ማሰብ ራሱ ፈተና የሆነብኝን ሰው! ለመንኩላቸውና ላሟ ታለበች። ይሄ ደግሞ ባሰ።

የንስሐ አባታችን አባ ኪሮስ ሰምተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲደሰቱ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። «በዚህ ዘመን ባልና ሚስት ተስማምተው ጽጌን የሚጾሙበት ቤት! እንዲህ ያለ ቤት ጽዋ ሊርቀው አይገባም» ብለው የሰፈራችን የጽዮን ማኅበር አባል አደረጉን።

ማኅበሩ በየወሩ በሃያ አንድ ከአባላቱ ቤት በየተራ ይሰበሰባል። ባለተራው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይጋግራል። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል። ጽዋ ተዘርግቶለት «አልቀበልም» ያለ ሰው በሰፈራችን አልታየም፤ ያለ ሰው ቢኖርም ከዚያ ወዲያ እዚህ ሰፈር የሚኖር አይመስለኝም።

በጥቅምት ስብሰባ ስንሄድ የኅዳሩ ባለተራ ሐዘን ላይ ነበሩ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ደሳለኝ ተነሥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። የኅዳሩ ሃያ አንድ ደግሞ የዓመቱ ትልቅ በዓል ኅዳር ጽዮን ነው። እልልታው ሲቀልጥ እኔ የታየኝ ቦራ ነበር።

መንገድ ላይ ተቆጣሁት።

«ምን ልበል? ገንዘብ የለንም ልበል?» አለኝ።

«አዎ!»

«በአባ ፊት?»

 እኔም ብሆን አልለውም ነበር።

ያጠራቀምነው ሁሉ ገብስ፣ ጌሾ፣ ዱቄትና ምስር ሆነ። ጠላውን ስጠምቅ እንስራው ውስጥ የማየው የአያ ታከለን ፊት ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ግቢያችን ውስጥ ሸራ ወጥረን ቄጤማ ጎዘጎዝን። ቅዳሴ ሲያልቅ ማኅበርተኛው መጣ። ደሳለኝ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ በቁጠባው መንምኖ፣ ቅዱስ መስሎ ከአባ አጠገብ ተቀመጠ።

እንጀራና የምስር ወጥ እያቀረብኩ ሳለሁ ውጭ የኢሱዙ ጥሩንባ ተሰማ። ቀና ስል አያ ታከለ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በር ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ በሬ አለ።

ቦራ ነው። ሊሸጡት አምጥተውታል ማለት ነው። 

አያ ታከለ ሸራውን አዩ። እንስራውን አዩ። የተደረደረውን ሰው አዩ። ቀስ ብለው በሬውን ከበሩ ቋሚ ጋር አሰሩና «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ገቡ።

በማኅበር ቀን በር የገባ ሁሉ የእመቤታችን እንግዳ ነው። ሳይቀምስ «ምን ፈልገህ መጣህ?» አይባልም፤ እሱም ሳይቀምስ ጉዳዩን አያነሳም። ስለዚህ አያ ታከለን በአባ ቀኝ አስቀመጥናቸውና ባንድ እጃቸው ዳቦ፣ ባንድ እጃቸው ጠላ ያዙ።

«ሸጋ ድግስ ነው» አሉ ደሳለኝን እያዩ። ጎረስ አደረጉ። «ምነው፣ ሸጋ ነው እንጂ፣ ደሳለኝ።»

ደሳለኝ ከጋቢው ሥር ላቡ ይወርዳል።

ይህን ጊዜ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አቶ ሙላት ከበር ሆነው «በሬው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የደሳለኝ አጎት ናቸው ይዘውት የመጡ፣ ከገጠር» አሉ እትዬ አስካለ። ከዚያም የራሳቸው ቃል የራሳቸውን ልብ ነካውና «ለጽዮን! ስለት ነዋ!» ብለው እልል አሉ።

ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው። እልልታው ግቢውን አናወጠው። ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። አንዱ «ለገና ይታረድ» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ተሽጦ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይሁን» ይላል። ቦራ በበኩሉ ገመዱ የደረሰበትን ቄጤማ ይግጣል። አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በሬውን ሊባርኩ ተነሡ።

አያ ታከለ አፋቸው ዳቦ ሞልቷል። የማኅበር ዳቦ ደግሞ አይተፋም። ዓይናቸው ፈጦ በፍጥነት ያኝካሉ፣ ያኝካሉ፣ ዳቦው አያልቅም። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው። አባ አንዴ «ለእመቤታችን» ብለው ከባረኩት፣ እንደ አያ ታከለ ያለ ሰው ቤቱ ቢፈርስ እንኳ «በሬዬን መልሱልኝ» አይልም። ቦራ መሄዱ ነው። ለዕዳ ሳይሆን እንዲሁ በከንቱ መሄዱ ነው።

ደሳለኝን አየሁት። አንገቱን እየነቀነቀ እልልታውን ይቀበላል! ኋላ ስጠይቀው «አንገቴ በራሱ ነው የተነቀነቀ» ብሎኛል።

የወጡን ጭልፋ እንደያዝኩ በአባና በበሬው መካከል ገብቼ ቆምኩ።

«አባ! በሬው ስለት አይደለም፣ ዕዳ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

እልልታው ባንዴ ተቋረጠ። ከአፌ የወጣውን መመለስ ስላልቻልኩ ሁሉንም ተናገርኩት። ቆርቆሮውን፣ የሠርጉን ገንዘብ፣ አምፖሉን፣ ቅቤውን፣ ጽጌን የያዝነው ብር ለማዳን እንደሆነ፣ ሁሉንም። ስጨርስ ጭልፋው ጫማዬ ላይ እያንጠባጠበ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አባ ኪሮስ መስቀሉን ከበሬው ወደ ደሳለኝ አዞሩት።

«አንተ! እመቤታችንን የቅቤ ዘበኛ አደረግሃት?» አሉ። መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባ እየሳቁ ነበር።

«አባ» አሉ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ከተነሣስ እኔም ጽጌን ከእነሱ አይቼ የጀመርሁት… ቅቤው ተወዶብኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሥጋው ነው» አለ አንዱ ከኋላ። አቶ ሙላት ጉሮሯቸውን ጠራርገው «የኔ እንኳ በሐኪም ትእዛዝ ነው» አሉ፤ ሚስታቸው ግን ዘወር ብለው ሲያዩአቸው አንገታቸውን ደፉ። ያን ሁሉ ጊዜ እኛን እያየ የጾመው ሰፈር ግማሹ እንደ እኛው ኖሯል።

ሰው ሁሉ ሲስቅ ያልሳቁት አያ ታከለ ብቻ ነበሩ። ዳቦው ገና አሁን ወርዶላቸዋል።

«እንግዲያ በጾም ያተረፋችሁት ገንዘብ የት አለ?» አሉ።

ደሳለኝ ቀና ብሎ አላያቸውም። በጣቱ እጃቸው ላይ ያለውን ጠላ አሳያቸው።

አያ ታከለ ጠላውን አዩት። እንስራውን አዩት። በር ላይ ቄጤማ የሚግጠውን በሬ አዩት።

«በሬዬን ጠጣሁት በለኛ!» አሉ።

 ከዚያ አያ ታከለ የያዙትን እስከ ታች ጨለጡና ዋንጫውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ቀንዱን ጠጥቼ ጭራውን ለማን እተዋለሁ? ቅጂልኝ።»

ያኔ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እየቀዳሁላቸው አለቀስኩ።

ከሳቁ በኋላ አባና አቶ ሙላት ጥግ ይዘው መከሩ። ማኅበሩ ለአባላቱ የችግር ጊዜ ብሎ የሚያኖረው ገንዘብ አለው። ከዚያ ላይ የአያ ታከለ ገንዘብ እንዲመለስና እኛ ለማኅበሩ ጥቂት በጥቂት እንድንከፍል ተስማሙ። ከማኅበርተኛው ፊት ላይ ንቀት ብፈልግ አጣሁ። እትዬ አስካለ እንዲያውም ዕቃ ሊያጥቡልኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነበር።

ደሳለኝ ብቻ አላስቻለውም። «ከአያ ታከለ ብንሸሽ ዘመድ ቤት ተደብቀን እናልፈው ነበር። አሁን አበዳሪያችን እመቤታችን ናት። ወዴት ይሸሻል?» አለኝ በጆሮዬ።

በማግስቱ ጠዋት ኢሱዙው ሲመጣ አያ ታከለን ሸኘኋቸው። ቦራ ቄጤማውን ጨርሶ የጓሮዬን ጎመንም ጀምሮ ነበር። ይብላ ብዬ ተውኩት።

«አያ፣ ይቅር ይበሉን። ገበያ ድረስ በሬ ጭነው እንዲመጡ አደረግንዎ» አልኳቸው።

«የምን ገበያ?» አሉ።

«ሊሸጡት አይደል ያመጡት?»

አያ ታከለ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠቀለሉና መሬት መሬት አዩ።

«ቦራን አልሸጠውም ነበር እኮ ልጄ። የወንድሜን ልጅ ‹ገንዘቤን ስጠኝ› ብዬ አፍ አውጥቼ መጠየቁ አሳፈረኝ። በሬውን በር ላይ ካያችሁት ራሳችሁ ትናገራላችሁ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ክው አልኩ። ሰውየው አንዲት ቃል ላለመናገር ብለው በሬ በኢሱዙ አስጭነው፣ የጭነት ኪራይ ከፍለው፣ ከወገራ ጎንደር ድረስ መጥተዋል! የሚመለሱበትም ኪራይ አለ።

«ይንገሩን ነበር እኮ!» አልኳቸው።

«እናንተስ ምነው ‹የለንም› አላላችሁኝም?»

«አፈርን፣ አያ።»

«አይ! እናንተም አፈራችሁ፣ እኔም አፈርሁ። የተንገላታው ቦራ ነው» አሉና የበሬውን አንገት መታ መታ አድርገው ወደ መኪናው አስወጡት።

የማኅበሩን ዕዳ ዘንድሮ ጨረስን። ሠርጉም በጥሩ ሁኔታ አለፈ፤ ቦራም አለ፣ ያርሳል። የዚያን ቀኑን ነገር ሳስብ መጀመሪያ እስቃለሁ። ቀጥሎ ግን ያቺ የኢሱዙ ኪራይ ትዝ ትለኝና ሆዴ ይባባል። አሁን ሲቸግረኝ ጾምም ዘዴም አልፈልግም። ያበደረኝ ሰው ዘንድ ሄጄ በጊዜ እነግረዋለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እነግረዋለሁ።